ኮይሎቨር ወይስ ዝቅ ማድረጊያ ሞላ? ስፖርት ኩፔን ለጅማ መንገድ የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ስፖርት ኩፔ፣ ማለትም ባለ ሁለት በር ስፖርታዊ መኪና፣ ያለው ሰው መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሴንቲ ሜትር ልቀንሰው?» ብሎ ነው። ጅማ ላይ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ጎማው ጉብታ ሲመታ ወይም ከጉድጓድ ሲወጣ ወደ ላይ የሚጓዝበት ስንት ሚሊ ሜትር ቦታ ይቀረዋል? ኮይሎቨርንና ዝቅ ማድረጊያ ሞላን ከሁሉ በላይ የሚለያቸው ይህን ቦታ የሚይዙበት መንገድ ነው። ዋጋና ስም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። የእኔ ምክር ከወዲሁ ይታወቅ፦ መኪናችሁን ሳትለኩ ምንም አትግዙ፤ ከለካችሁ በኋላም በዚህ ከተማ የምትነዱ ከሆነ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ አትውረዱ።

ጥንቃቄው ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ያስፈልጋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችሁ ያለው ቶዮታ ሴሊካ፣ ሃዩንዳይ ኩፔ፣ ቶዮታ 86 ወይም ባለ ሁለት በር ቢኤምደብሊው ክፉኛ ቢጎዳ ተመሳሳዩን ማግኘት ቀላል አይሆንም። ይህን የምጽፈው መኪናውን ለሚወድና ገና ብዙ ዓመት ሊነዳው ለሚፈልግ ሰው ነው።

በቅድሚያ፦ ሁለቱ ምንድን ናቸው?

ሞላ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ጥምዝ ብረት ነው። አሞርዛተር ደግሞ ሞላው ተጨምቆ ሲለቀቅ መኪናው እንዳይዘል እንቅስቃሴውን የሚያረግብ፣ ዘይት የያዘ ቱቦ ነው። ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸከመው አሞርዛተሩ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሸክሙ የሞላው ነው፣ ማርገቡ የአሞርዛተሩ። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው በሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁሉ ይሳሳታል።

ዝቅ ማድረጊያ ሞላ ከፋብሪካው ሞላ ያጠረና ጠንከር ያለ ነው። በነበረው አሞርዛተር ላይ ይገጠማል፤ እንደ አሠራሩ መኪናውን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያወርዳል። አንዴ ከገባ ቁመቱ አይለወጥም።

ኮይሎቨር ሞላውና አሞርዛተሩ ለአንድነት ታስበው በጋራ የተሠሩበት ዕቃ ነው። የአሞርዛተሩ ገላ ከውጭ እንደ ቡሎን ጥርስ አለው፤ በጥርሱ ላይ የሚዞር ቀለበት ሞላውን ከሥር ይይዘዋል። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁ ልዩነት አለ። በአንደኛው ዓይነት ቁመት የሚለወጠው የሞላውን ቀለበት በማውረድ ብቻ ነው፤ መኪናው ሲወርድ የአሞርዛተሩ ዘንግም አብሮ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚቀረው የጭመቃ ጉዞም ያንሳል። በሁለተኛው ዓይነት ግን የታችኛው እግር ራሱ ጥርስ ስላለው የጠቅላላው ዕቃ ርዝመት ለብቻው ያጥራል ወይም ይረዝማል። ቁመቱ ተለወጠ ማለት የአሞርዛተሩ ጉዞ ተነካ ማለት አይደለም። ኮይሎቨር ልትገዙ ከሆነ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው።

በአንዳንድ መኪኖች ላይ፣ ለምሳሌ ኢ46 በሚባለው የቢኤምደብሊው ኩፔ፣ የኋላው ሞላና አሞርዛተር የሚቀመጡት በተለያየ ቦታ ነው። ለእነዚህ የሚሸጠው «ኮይሎቨር» ከኋላ በኩል ሞላና የቁመት ማስተካከያ ቀለበት ለብቻ፣ አሞርዛተር ለብቻ ሆኖ ይመጣል። ጎዶሎ ዕቃ የተላከላችሁ እንዳይመስላችሁ።

ደረጃ 1፦ ያለውን ፈትሹ

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን ጋራዥ አስገብታችሁ ከሥሩ እዩ። የአሞርዛተሩ ገላ በዘይት ረጥቦ አቧራ ከያዘ አልቋል። ጎማውን ከመኪናው ገላ ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች ጎሚኒዎች (የመጋጠሚያ ጎማዎች) በካቻቢቴ ወይም በብረት ዘንግ ገፋ አድርጉና መሰንጠቃቸውን ተመልከቱ። ቴስቲናዎቹንና የላይኛውን የአሞርዛተር መያዣ ጎማ ፈትሹ፤ መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ከላይ በኩል የሚንቋቋ ድምፅ ካለ የመያዣው ኩሽኔታ ሄዷል።

«መኪናዬ ይንሳፈፋል፣ ኩርባ ላይ ይተኛል» የሚል ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ዝቅ ማድረግ ሳይሆን አዲስ አሞርዛተርና አዲስ ጎሚኒ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው አሞርዛተር ላይ ጠንካራ ሞላ መግጠም ደግሞ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ የደከመው አሞርዛተር የፋብሪካውን ሞላ እንኳን ማርገብ አቅቶታል። ያረጁትን በፋብሪካው ደረጃ ቀይራችሁ ጥቂት ሳምንት ንዱ። ፍላጎታችሁ በዚያው ሊረካ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የጭመቃ ጉዞውን ለኩ

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። የሚያስፈልገው ሜትር፣ የእጅ ባትሪና ሽቦ ለማሰር የምንጠቀምበት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሜዳ ቦታ ላይ ቆማችሁ ከጎማው መሐል፣ ማለትም ከቸርኬው እምብርት፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማዎች ለኩና ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው ንፋስና እርጅና ልኩን ያዛባዋል። ነዳጁ ግማሽ ይሁን፣ ሁልጊዜ የምትጭኑት ነገር ካለም በውስጡ ይሁን።

ቀጥሎ የአሞርዛተሩን አቧራ መከላከያ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ የሚያብለጨልጨውን ዘንግ አጋልጡ። ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጅማ ቀይ ጭቃ ደርቆበት ከሆነ በደረቁ አትፈትጉት፣ በውሃ አርጥቡትና አንሱት፣ አለበለዚያ ዘንጉ ተጭሮ የዘይት መያዣውን ጎማ ይበላዋል። ማሰሪያውን በዘንጉ ዙሪያ አጥብቁና ወደ ታች ገፍታችሁ ከአሞርዛተሩ ገላ ጋር አገናኙት። ትርፍ ጫፉን ቁረጡ። ጎማው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር የአሞርዛተሩ ገላ ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ማሰሪያው በደረሰበት ይቀራል። መኪናው ራሱ መዝገብ ያዘላችሁ ማለት ነው።

አሁን ንዱ። በየቀኑ የምትሄዱበት መንገድ ይሁን፤ የኮብልስቶኑ መንደር፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ባጃጅ በድንገት ሲገባ ፍሬን የሚያዝበት ጎዳና፣ ወደ ጅሬን የሚያወጣው ዳገትና ቁልቁለት፣ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሰርቦ የምትወጡበት አስፋልት። አንድ ጊዜ ብቻችሁን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ጭናችሁ ሞክሩ። ሆን ብላችሁ ጉድጓድ አትፈልጉ፤ የተለመደውን አነዳድ ንዱ።

ስትመለሱ ሁለት ርቀት ለኩ። አንደኛው ከአሞርዛተሩ ገላ እስከ ማሰሪያው ያለው ነው፤ ይህ መንገዳችሁ የተጠቀመው የጭመቃ ጉዞ ነው። ሁለተኛው ከማሰሪያው እስከ ማቆሚያ ጎማው ያለው ነው፤ ማቆሚያ ጎማ የምለው በዘንጉ ላይኛ ጫፍ ያለውን፣ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚከላከለውን ስፖንጅ መሰል ጎማ ነው። ይህ ሁለተኛው ርቀት ትርፋችሁ ነው። ማሰሪያው ማቆሚያ ጎማው ውስጥ ተቀርቅሮ ካገኛችሁት ትርፍ የላችሁም፤ መኪናው በፋብሪካው ቁመት እያለ እንኳን ጉዞውን እየጨረሰ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በፋብሪካው አሞርዛተር ላይ ባለ ሞላ መውረድ የለበትም።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን ሥሩ

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሞላ ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ ሲጨመቅ የሚውጠው ተጨማሪ ጉልበት ከጥንካሬውና ከተጨመቀበት ርቀት ካሬ ጋር ይሄዳል። ርቀቱ ካሬ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

መኪናችሁ ከቆመበት እስከ ማቆሚያ ጎማው 70 ሚሊ ሜትር ጉዞ አለው እንበል። 30 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ሞላ ብትገጥሙ 40 ይቀራችኋል። ያንኑ ጉድጓድ ማቆሚያውን ሳይመታ ለመዋጥ ሞላው 70 ለ40 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ገደማ መጠንከር አለበት። ገበያ ላይ ያሉት ዝቅ ማድረጊያ ሞላዎች ግን ሦስት እጥፍ ቀርቶ እጥፍ እንኳን አይጠነክሩም፤ ከፋብሪካው በ20 ወይም በ30 በመቶ የጠነከሩ ብዙ ናቸው። የቀረውን ምት የሚቀበለው ማቆሚያ ጎማው፣ ከዚያም የመኪናው ገላ ነው። «ዝቅ ካደረግኩት ወዲህ ይደቀድቃል» የሚለው ቅሬታ የሚመነጨው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እንጂ ከሞላው ጥንካሬ አይደለም።

በ15 ሚሊ ሜትር ብትወርዱስ? 70 ለ55 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 1.6 ገደማ ይሆናል። ይህ ሊቻል የሚችል ነው፤ የቀረውን ልዩነት ጥሩ ማቆሚያ ጎማ ያለ ጉዳት ይሸፍነዋል። በ15 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ሲታይ ሁለት ጣት አይሞላም። በመንገድ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ከ20 በላይ አትውረዱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ አሞርዛተሩም አንድ ሒሳብ እንጨምር። ሞላ ሲጠነክር የሚያስፈልገው የማርገብ ኃይል የሚያድገው በጥንካሬው ካሬ ሥር ነው። ሞላው 30 በመቶ ቢጠነክር ማርገቡ 14 በመቶ ገደማ ማደግ አለበት። አዲስ የፋብሪካ አሞርዛተር ይህን ያህሉን ይችለዋል። እጥፍ የጠነከረ ሞላ ግን 41 በመቶ ተጨማሪ ማርገብ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ለእሱ የተሠራ አሞርዛተር ግድ ነው።

ኮይሎቨር ስትመርጡ ደግሞ የሞላውን ጥንካሬ ተመልከቱ፤ በኪሎ ግራም በሚሊ ሜትር ይጻፋል። የፊት ጎማ 300 ኪሎ ግራም የሚሸከም፣ ማክፈርሰን የሚባለው፣ ሞላና አሞርዛተር በአንድ ምሰሶ ላይ የሚቀመጡበት የፊት አሠራር ያለው መኪና እንውሰድ፤ በዚህ አሠራር ሞላው ከጎማው ጋር እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይንቀሳቀሳል። 4 ኪሎ ግራም በሚሊ ሜትር የሆነ ሞላ መኪናውን በሴኮንድ 1.8 ጊዜ ገደማ ያወዛውዘዋል፤ 6 የሆነው 2.2 ጊዜ። የተለመዱ የቤት መኪናዎች ከ1 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ናቸው። ከ2 በላይ ያለው ለስላሳ የውድድር ሜዳ የሚስማማ እንጂ የኮብልስቶን አይደለም። ስለዚህ ለጅማ ከፊት 4 ወይም ቢበዛ 5 ምረጡ፤ አምራቹ 8 ልኮላችሁ «ስፖርት ነው» ቢል አትቀበሉ። ከኋላ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ብታዩት አትደንግጡ። እንደ ቶዮታ 86 እና እንደ መጨረሻው ትውልድ ሴሊካ ድርብ ክንድ ባለው የኋላ አሠራር ሞላው ጎማው ከሚጓዘው ያነሰ ስለሚጓዝ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጥንካሬ ይቀንሳል። ሞላው ጎማው ከሚጓዘው 0.7 ያህል የሚጓዝ ከሆነ የጥንካሬው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ጎማው ጋ የሚደርሰው።

ደረጃ 4፦ ወስኑ

ትርፋችሁ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ አሞርዛተራችሁ አዲስ ወይም ልትቀይሩት የተዘጋጃችሁ ከሆነ፣ የምትነዱትም በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ሆኖ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ስሙ የታወቀ ሞላ ይበቃችኋል። አይባክና ኤችኤንድአር ለብዙ ኩፔዎች እንዲህ ያሉ ሞላዎች ይሠራሉ። ከሞላው ጋር ለአጭር ሞላ ታስቦ የተሠራ አጠር ያለ አሞርዛተር ብትገዙ ደግሞ ይበልጥ ያማረ ይሆናል፤ የቢልስታይን ቢ8 ለዚሁ የተሠራ ነው። የሞላና የአጭር አሞርዛተር ጥምረት ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ መንገድ ሲሆን ለአብዛኛው የጅማ ነጂ የምመክረው እሱን ነው። የሚሽከረከር ቀለበት የለውም፣ በጭቃ የሚያዝ ጥርስ የለውም፣ አንዴ በትክክል ከተገጠመ ይረሳል።

ኮይሎቨር የሚያዋጣው ለማን ነው? ትርፍ ጉዞ ለሌለው መኪና፣ በክረምት ከፍ በበጋ ዝቅ ማድረግ ለሚፈልግና ለዚያ ጊዜና ትዕግሥት ላለው፣ እንዲሁም በጊቤ ሸለቆ መታጠፊያዎች ላይ መኪናው እንዴት እንደሚይዝ ከልቡ ለሚጨነቅ ሰው። የኮይሎቨር ትልቁ ጥቅም እዚህ ከተማ ውስጥ ማውረዱ አይደለም። ርዝመቱ ለብቻ የሚስተካከለው ዓይነት መኪናውን ከፋብሪካው ቁመት ብዙ ሳያርቅ የተሻለ አሞርዛተር ይሰጣችኋል፤ ሰኔ ሲገባ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ቢልስታይን፣ ኬደብሊው፣ ኦህሊንስና ቴይን በኮይሎቨር ሥራ የታወቁ ናቸው፤ ሁሉም ዕቃቸው ግን ርዝመቱ ለብቻ የሚስተካከል አይደለም። ኬደብሊው ገላውን ከማይዝግ ብረት ስለሚሠራው ዝናብ ለሚበዛበት ቦታ ይስማማል።

ርካሽ ኮይሎቨር ግን በጭራሽ አልመክርም። ስሙ የማይታወቅ ኮይሎቨር በጥሩ ሞላ ዋጋ ሲቀርብ የተቆጠበው ከአሞርዛተሩ ውስጥ ነው፤ ከዘይቱ፣ ከፒስተኑ፣ ከዘይት መያዣው ጎማ። የማርገቢያ ማስተካከያ ቁልፉ ሰላሳ ጊዜ ቢዞርም የሚለወጥ ነገር አይኖርም። በጀታችሁ ለጥሩ ኮይሎቨር ካልደረሰ ጥሩ ሞላና ጥሩ አሞርዛተር ግዙ። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋው ብዙ ስለተለወጠ በብር ቁጥር መስጠት አይጠቅምም፤ በግርድፉ ግን የታወቀ ስም ያለው ኮይሎቨር ከታወቀ ሞላ አራትና አምስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስወጣል። መላኪያና ቀረጥ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል።

የነበረውን ሞላ በግራይንደር ቆርጦ ማሳጠር ወይም በእሳት አግሎ ማስተኛትን የሚያቀርብላችሁ ባለሙያ ካለ ደግሞ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በእሳት የጋለ ሞላ ደግሞ የብረቱ አጠነካከር ይበላሻል፤ አንዴ ይተኛል፣ ከዚያም መተኛቱን አያቆምም፣ ወይም ይሰበራል። በቁልቁለት ላይ የሚሰበር ሞላ ሰው ይገድላል።

ደረጃ 5፦ ስትገዙ

የመኪናውን ትክክለኛ ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ። ሞላ የሚመረጠው በክብደት ስለሆነ አንድ ዓይነት መኪና በሁለት ሞተር ቢመጣ የፊት ሞላው ሊለያይ ይችላል። በጥሩ ሞላ ላይ የክፍሉ ቁጥር በብረቱ ላይ ታትሟል፤ በካርቶኑ ላይ ካለውና በአምራቹ ዝርዝር ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።

ማቆሚያ ጎማ፣ የላይኛው መያዣና ኩሽኔታው፣ አቧራ መከላከያና የሞላ መቀመጫ ጎማ አብራችሁ እዘዙ። እነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ቀርተው መኪናው ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ መጠበቅ አሳዛኝ ነው፤ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮይሎቨር ከሆነ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ርዝመቱ ከሞላው ቀለበት ውጭ ለብቻ ይስተካከላል? ዘይት ቢያፈስ የሚታደስ ነው ወይስ የሚጣል? ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ የሚታደሰውን ለማሳደስ ወደ ውጭ አገር መላክ ሊያስፈልግ ይችላልና።

ኢንሹራንስ ሰጪያችሁንና ለቦሎ የቴክኒክ ምርመራ የምትሄዱበትን ቦታም ከመግጠማችሁ በፊት ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ መግጠም

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጅ አይገባም።

የተጨመቀ ሞላ ከጋራዥ ዕቃ ሁሉ አደገኛው ነው። የማክፈርሰን አሞርዛተር የላይኛው ዳዶ ከመፈታቱ በፊት ሞላው በጤነኛ መጭመቂያ ተይዞ ከመቀመጫው ላላ ማለት አለበት። መጭመቂያዎቹ ትይዩ ሆነው በተቃራኒ ጎን ይያዙ፤ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት ይጥበቁ። ፊታችሁን ከሞላው ጫፍ አቅጣጫ አርቁ። አዲሱ ሞላ ሲገባ ጫፉ ከመቀመጫው ጎድጓዳ ጋር መግጠሙን በጣታችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ።

የላይኛውን ዳዶ በአየር መፍቻ አታጥብቁ። ዘንጉ በፍጥነት ሲሽከረከር ውስጡ ያለው ፒስተንና የዘይት መያዣው ይጎዳሉ። በእጅ መፍቻ ዘንጉን ይዛችሁ አጥብቁ፤ መጨረሻውን ቶርክ ሬንች በሚባለው ጥብቀት የሚለካ መፍቻ በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው መጠን ጨርሱ። ማቆሚያ ጎማው የሚቆረጠው የሞላው አምራች ይህን ያህል ይቆረጥ ብሎ ከጻፈ ብቻ ነው፤ እሱም የሞላው አካል ነው፣ ተራ ጎማ አይደለም።

በየጋራዡ የሚዘለል ሌላ ነገር አለ። የክንዶቹ ጎሚኒ የሚያልፍባቸው ቡሎኖች ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ፈጽሞ ሊጠብቁ አይገባም። ጎማው ተንጠልጥሎ ካጠበቃችኋቸው መኪናው መሬት ሲያርፍ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀደዳል፣ መኪናውም ከታሰበው ቁመት ከፍ ብሎ ይቆማል። በልል እሰሩ፣ መኪናውን መሬት አውርዱ ወይም ክንዱን በክሪክ እስከ ቆመበት ቁመት አንሡ፣ ከዚያ አጥብቁ። ኩፔው ሲወርድ ክንዱ አዲስ አቀማመጥ ስለሚይዝ የድሮውን ቡሎን ሳትነኩት ብትተዉትም ጎሚኒው ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ ያልተፈታውን ቡሎን ጭምር አላልታችሁ በመሬት ላይ መልሱት።

ለኮይሎቨር ቁመት የምትወስኑት በደረጃ 2 በጻፋችሁት ልክ ነው። ከእምብርት እስከ ፓራፋንጎ ያለውን ለኩ፤ ግራና ቀኝ እኩል ይሁኑ። የሞላውን ቅድመ ጫና፣ ማለትም መኪናው ገና ሳያርፍበት ሞላው የተጨመቀበትን መጠን፣ አምራቹ ባዘዘው ተዉት፣ ቁመቱን በታችኛው እግር ፈልጉ። የማርገቢያውን ቁልፍ ከልሉ ጀምሩና በኮብልስቶን ላይ እየነዳችሁ አንድ አንድ እያላችሁ አጥብቁ። መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ አንዴ ወጥቶ ወርዶ ሲቆም በቂ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጥብቀት ጎማውን ከመንገዱ ላይ ያነሣዋል።

ደረጃ 7፦ አላይመንትና መብራት

መኪና ሲወርድ የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ ይለወጣል። ካምበር የሚባለው የጎማ ማዘንበል ትንሽ ቢጨምር ለአያያዝ ይረዳል፤ ጎማ የሚበላው በዋናነት ቶ የሚባለው የአቅጣጫ መዛባት ነው። በተገጠመ ዕለት ግርድፍ አላይመንት አሠሩ። ሞላው ሥፍራውን ሲይዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቁመቱን እንደገና ለኩና ትክክለኛውን አላይመንት ያን ጊዜ አሠሩ። ኮይሎቨር ያለው ሰው በክረምትና በበጋ ቁመት በለወጠ ቁጥር አላይመንቱን መድገም አለበት፤ ይህን ወጪ ገና ሲገዛ ያስብበት።

የፊት የታችኛው ክንድ ከፊት ሲታይ ወደ ጎማው በኩል ከፍ ብሎ ከተገኘ ከሚገባው በላይ ወርዳችኋል። በማክፈርሰን አሠራር ክንዱ ከአግዳሚው ሲያልፍ መኪናው ኩርባ ላይ የሚተኛበት ኃይል ይጨምራል፤ ጎማውም ጉድጓድ ሲገባ መሪው ሳይነካ አቅጣጫ ይለውጣል። መፍትሔው ከፍ ማድረግ ነው።

የፊት መብራቱንም አስተካክሉ። ከፊትና ከኋላ እኩል ያልወረደ መኪና መብራቱ ወይ መሬት ያያል ወይ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል፤ በአሰንዳቦና በሰኮሩ መንገድ ሌሊት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ደረጃ 8፦ የክረምት እንክብካቤ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ያገኛል፤ ቀዩ ጭቃ ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቆያል። የኮይሎቨር ጥርስና ቀለበት በዚህ መካከል ነው የሚኖረው። በየሁለት ሳምንቱ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ እጠቡት፤ የግፊት ውሃውን በቀጥታ ዘንጉ የሚገባበት ላይ አታነጣጥሩ። ሲደርቅ ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ አጽዱና አቧራ የማይሰበስብ ደረቅ ቅባት አድርጉበት። ግራሶ አትቀቡ፤ አሸዋ ይይዝና ጥርሱን ይፈጨዋል። የጥርሱን ትርፍ ክፍል በጨርቅ ወይም በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሸፍኖ ማሰር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ማሰሪያው ግን የሞላውን እንቅስቃሴ እንዳይነካ።

ቁመት መለወጥ ባያስፈልጋችሁም በየሦስት ወሩ ቀለበቶቹን ላላ አድርጋችሁ ጥቂት አዙሩና ወደ ቦታቸው መልሱ። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ቀለበት ይያዛል፤ የተያዘ ቀለበት ደግሞ በመዶሻ ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ከማዞራችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ከመለሳችሁ በኋላም መቆለፊያ ቀለበቱን አጥብቁ።

ሞላና አጭር አሞርዛተር የመረጠ ሰው ሥራው ያነሰ ነው። ከሰኔ በፊትና ከመስከረም በኋላ ከሥር ገብቶ የዘይት ርጥበት፣ የተሰነጠቀ ጎሚኒና የተቀደደ አቧራ መከላከያ ይፈልግ። የፕላስቲክ ማሰሪያውን ዘንጉ ላይ ተዉት፤ በአንድ ቀን ድንገት ከወትሮው ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይ ከባድ ጉድጓድ መትታችኋል ወይ አሞርዛተሩ መድከም ጀምሯል። ከዚያ በፊት ያልነበረ ድምፅ አብሮ ካለ ያን ሳምንቱን ሳትዘገዩ አስፈትሹት።